ሾተላይ የተባለው ሕመምና ውጤት የሚጠበቅባቸው ቀኖች

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አንዲት ሴት እየፀነሰች ልጅ ሳይበረክትላት ሲቀር «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ይህን ስም ያልሰማ ሰው በከተማም ሆነ በገጠር ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ በደኅና ተወልዶ ያድጋል፤ ሁለተኛው ዓይኑና ገላው ብጫ ሆኖ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ሦስተኛው በማሕፀን እንዳለ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ጎረቤት ያንሾካሹካል፤ የባል ዘመዶች ፊታቸውን ያዞራሉ፤ በመጨረሻ አንድ ልጅ ቢተርፍ ካሳ ወይም ምትኩ ተብሎ ይጠራል። ባይተርፍ ግን ትዳሩ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል የምትወቀሰው እናቲቱ ብቻ ናት።

ይህ ነገር የክፉ መንፈስ ሥራ እንዳልሆነ፣ በአብዛኛውም የእናትና የጽንስ ደም አለመስማማት ያመጣው መሆኑን ሳይንስ ካስረዳ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆኖም ምክንያቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ታውቆ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ቀን መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ሕመሙና ስለ መከላከያው፣ እንዲሁም ስለነዚያ የጭንቀት ቀኖች ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል።

መምህሩና ባለቤታቸው

ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ የሚያስተምሩ አንድ መምህርና ባለቤታቸው ታሪካቸውን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን አጫውተውናል። ስማቸውንና የከተማቸውን ስም መግለጹ አስፈላጊ ስላልሆነ ትተነዋል።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ስትሆን በቤት በልምድ አዋላጅ እጅ ተወለደች፤ ዛሬ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሁለተኛው እርግዝና ወይዘሮዪቱ ወደ ሕክምና የሄዱት ወሩ ከገባ በኋላ ነበር። ደማቸው ተመረመረና ወረቀት ተሰጣቸው። ማታ መምህሩ ወረቀቱን በመብራት አጠገብ ይዘው አነበቡት። የቂጥኝ ምርመራ ኔጌቲቭ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ኔጌቲቭ፣ የጉበት በሽታ ምርመራ ኔጌቲቭ፣ የደም ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ይላል። መምህሩም «ሁሉም ኔጌቲቭ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንድም በሽታ የለብሽም» ብለው ወረቀቱን አጥፈው በመጽሐፍ ውስጥ አኖሩት። በጽሕፈት የተማረ ሰው ያነበበው፣ ግን ትርጉሙን የሚያስረዳው ያላገኘ ወረቀት ነበር።

ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑ ብጫ ሆነ። አያቶቹ «ፀሐይ ይሙቅ» አሉ፤ ፀሐይ ሞቀ። በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት ተወ፤ ድምፁ ቀጠነ፤ ወደ ሕክምና ሊወስዱት ሲሰናዱ በእናቱ እቅፍ ሞተ። የልቅሶው ዕለት አንዲት አሮጊት «ሾተላይ ነው» ብለው ሲናገሩ ወይዘሮዪቱ ከውስጥ ሆነው ሰሙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው እርግዝና መጣ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ በ12ኛው ሳምንት አብረው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ የሞተውን ልጅ ታሪክ ካዳመጡ በኋላ አሮጌው ወረቀት እንዲመጣላቸው ጠየቁ። አንብበውም ጥቂት ዝም አሉና «ይህ የመጨረሻው ቃል ከላይ እንዳሉት አይደለም። ከላይ ያለው ኔጌቲቭ በሽታው የለም ማለት ነው፤ የደም ዓይነቱ ኔጌቲቭ ግን የደምዎ ጠባይ ነው። የባለቤትዎም ደም ይመርመር» አሏቸው። የመምህሩ ደም ኤ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ይህን ሲነግሩን «ሌላውን ቋንቋ ለልጆች የማስተምር ሰው አንዲት ቃል ሳልጠይቅ ቀረሁ» ብለው አቀረቀሩ። እኛ ግን ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ብቻ ልንጥለው አልወደድንም። ወረቀት የሚሰጥ ሁሉ ከወረቀቱ ጋራ ትርጉሙን መስጠት ይገባዋልና።

የሕመሙ ምክንያት

የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ ተብሎ እንደሚለይ ብዙ አንባቢ ያውቃል። ከዚህ ሌላ አርኤች የሚባል መለያ አለ። በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዲ የተባለው ነገር ያለበት ሰው ፖዘቲቭ ሲባል፣ የሌለበት ኔጌቲቭ ይባላል። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፤ እንደ ቁመትና እንደ መልክ ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ ነው። በአውሮጳውያን ዘንድ ከመቶ ሰው 15 ያህሉ ኔጌቲቭ ሲሆኑ፣ በአገራችን ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል።

እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ በሚሆኑበት ጊዜ ጽንሱ የአባቱን ደም ሊወርስ ይችላል። በተለይ በወሊድ ሰዓት እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ከልጁ ደም ጥቂት ጠብታ ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። የእናቲቱም ሰውነት ይህን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ አካል ያዘጋጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ ከዚህ አስቀድሞ ስለ ተወለደ ብዙ ጊዜ አይነካም። ሰውነት ግን አንድ ጊዜ የተማረውን አይረሳም፤ በሚቀጥለው እርግዝና ፀረ አካሉ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ቀይ ደም ያፈርሳል። ጽንሱ በደም ማነስ ይደክማል፤ ነገሩ ሲጠና ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ከተወለደም በኋላ ከፈረሰው ደም የሚወጣው ብጫ ነገር በዝቶ አንጎሉን ይጎዳል። ሕዝባችን ሾተላይ ያለው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ድኖ ቀጣዮቹ የሚሞቱበትም ምሥጢር ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ልጅ ያልበረከተላት ሴት ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ቂጥኝ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ሌላም ምክንያት ጽንስን ያጠፋል። ለይቶ የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው።

ሐኪሞች የደከሙበት መንገድ

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1939 ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች፣ ጽንሷ የሞተባት አንዲት ሴት የባሏ ደም በተሰጣት ጊዜ መታመሟን አይተው ጻፉ። በ1940 ላንድሽታይነርና ዊነር የአርኤችን መለያ አስታወቁ። በ1945 ኩምብስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ በእናት ደም ውስጥ የተሰወረውን ፀረ አካል የሚገልጸውን ምርመራ አወጣ፤ ምርመራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1963 ዊልያም ላይሊ የተባለው የኒው ዚላንድ ሐኪም ገና ባልተወለደ ጽንስ ላይ ደም በመስጠት የመጀመሪያው ሆነ። በ1968 ደግሞ አንቲ ዲ የተባለው መከላከያ መርፌ በአሜሪካ ተፈቅዶ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህ መርፌ የሚዘጋጀው ከሰው ደም ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለው አውስትራልያዊ በልጅነቱ ታላቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሌሎች ሰዎች ደም ስለ ዳነ ብድሩን ለመክፈል ከ1954 እስከ 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ ለገሰ። በእርሱ ደም በተዘጋጀው መድኃኒት 2.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንደ ተጠበቁ የአገሩ ቀይ መስቀል ገምቷል። እርሱም በ2025 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። አንድ ሰው ክንዱን በመዘርጋት ብቻ ይህን ያህል ሊሠራ መቻሉን መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው።

ዘጠኙ ቀኖች

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። የወይዘሮዪቱ ደም ተቀድቶ የኩምብስ ምርመራ እንዲደረግበት ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። መምህሩ በእነዚያ ቀኖች ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ሳያስታውሱ ደምስሰው እንደገና ይጽፉ እንደ ነበር ነገሩን። ወይዘሮዪቱ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ የታላቂቱን ልጃቸውን እስትንፋስ ያዳምጡ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ ግን አንዳቸው ለሌላው አይናገሩም። «እርሱ እንዳይጨነቅ ብዬ ዝም እላለሁ፤ እርሱም እኔን ብሎ ዝም ይላል፤ ቤቱ የልቅሶ ቤት መሰለ» አሉን።

የመጣው ቁጥር 1 ለ 32 የሚል ነበር። ትርጉሙን እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። የእናቲቱ የደም ውሃ በእኩል መጠን ይቀጠናል፤ የቀጠነው ደግሞ እንደገና በእጥፍ ይቀጠናል፤ 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8፣ 1 ለ 16፣ 1 ለ 32 እያለ ይሄዳል። ፀረ አካሉ እጅግ ቀጥኖም ሥራውን የሚሠራ ከሆነ ብዛቱ ታወቀ ማለት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች 1 ለ 16 ወይም 1 ለ 32 ሲደርስ ጽንሱ በቅርብ መታየት እንዳለበት ያመለክታል። ቁጥሩ ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ምርመራው ሲደገም በተቻለ መጠን በዚያው ቦታ መሆን አለበት።

ይህ ቁጥር ግን ፍርድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እናቲቱ ምን ያህል ፀረ አካል እንዳላት እንጂ ልጁ ምን ያህል እንደ ተጎዳ አይነግርም። በተለይም ከዚህ በፊት ልጅ በዚህ ሕመም ለሞተባት እናት ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሐኪሙ በ18ኛው ሳምንት አዲስ አበባ ወደሚገኝ፣ የእናትና የጽንስ ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ወዳሉበት ሆስፒታል ላኳቸው።

የደም ፍጥነት

በዚያ የተደረገላቸው ምርመራ ዶፕለር ይባላል። በአልትራሳውንድ መሣሪያ አማካይነት በጽንሱ አንጎል ውስጥ ባለ አንድ የደም ሥር ደሙ የሚሮጥበት ፍጥነት ይለካል። ደም ሲያንስ ይቀጥናል፤ የቀጠነውም ደም እንደ ቀጭን ጠላ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ልብም የጎደለውን ለመሙላት በብርቱ ይገፋዋል። ፍጥነቱ በዚያ ዕድሜ ላሉ ጽንሶች ከተለመደው መካከለኛ ልክ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለት 1.5 ሲያልፍ ጽንሱ ጠንከር ያለ የደም ማነስ አለበት ተብሎ ይታሰባል። ምርመራው መርፌም ሕመምም የለበትም፤ ልጁንም አይጎዳም።

ወይዘሮዪቱ በአክስታቸው ቤት ዐርፈው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይመላለሱ ጀመር። መምህሩ በየቅዳሜው በአውቶቡስ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ 1.1 ነበር። ከዚያም 1.2፣ እንደገና 1.2፣ ከዚያ 1.3 ሆነ። ወይዘሮዪቱ ማንበብና መጻፍ ቢችሉም ሒሳብ አይወዱም ነበር፤ አሁን ግን ከነጥብ በኋላ ያለችውን አንዲት አኃዝ ከማንም ይልቅ ዐወቋት። በ30ኛው ሳምንት ቁጥሩ 1.6 ሆነ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ብቻ አልሰጡአቸውም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ምን ሊያሰጋ እንደሚችልም ነገሩአቸው። ለጽንሱ የሚስማማው ኦ ኔጌቲቭ ደም ነው፤ ይህም ደም ብርቅ ነው። ደሙ ከደም ባንክ እስኪገኝ ሁለት ቀን ተጠበቀ። ከዚያም በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን መርፌ በእናቲቱ ሆድ በኩል ወደ እትብቱ የደም ሥር ገብቶ ለጽንሱ ደም ተሰጠው። በሦስተኛው ሳምንት ተደገመ።

ቀን የሚቆጥሩ ምን ያድርጉ

የእነዚህ ባልና ሚስት ዕድል ለሁሉ አይደርስም፤ ውጤት መጠበቅ ግን ብዙዎች የሚያልፉበት ነው። በደም ግፊት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት፣ ወይም ቀድሞ ልጅ ሞቶባቸው የሚመረመሩ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ከሐኪሞችና ከአዋላጅ ነርሶች የሰማነውን እዚህ እንጽፋለን።

1. ደም በሚሰጥበት ዕለት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ምርመራው የምንድን ነው? ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? የሚነግረን ማን ነው? ቀኑ ካለፈ ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ዝምታ መልካም ወሬ ነው ብሎ መገመት ያሳስታል።

2. ወረቀቱን ብቻ አንብቦ መደሰትም መደንገጥም አይገባም። ኔጌቲቭ የሚለው ቃል በአንዱ መሥመር መልካም፣ በሌላው ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሊሆን እንደሚችል ከላይ አይተናል። ወረቀቱም በጥሩ ቦታ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ይጠቅማል።

3. ውጤት እስኪመጣ ድረስ እናቲቱ የልጁን እንቅስቃሴ ታስተውል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎን ተኝታ ስትቆጥር በሁለት ሰዓት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ደም ቢፈስ፣ የሽርት ውሃ ቢወርድ፣ ብርቱ ራስ ምታት ቢነሣ፣ ዓይን ቢጋረድ፣ ፊትና እጅ ቢያብጥም እንዲሁ ታድርግ። ለቀጠሮ ሁለት ቀን ቀረኝ ብሎ መቆየት ልጅን ያሳጣል።

4. ጭንቀትን ለማስታገሥ ተብሎ የሚሰጥ ሥራ ሥርና የኮሶ ዓይነት መድኃኒት፣ እንዲሁም መጠጥ ለጽንሱ ጠንቅ ነው። መብላት፣ መተኛት፣ ቀለል ያለ ሥራ መሥራትና ከሚያምኑት ሰው ጋራ መነጋገር ይሻላል።

5. ባልና ሚስት ፍርሃታቸውን አይደባበቁ። መምህሩና ባለቤታቸው በኋላ አንድ ልማድ አወጡ፤ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጉዳዩ ብቻ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። «ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ሰዓቱን ዐወቀ» ብለውናል።

ለጎረቤትና ለዘመድም የምንለው አለ። ውጤት የምትጠብቅን ሴት በየዕለቱ «ምን አሉሽ?» ብሎ መጠየቅ ማጽናናት አይደለም። ስለ ሞቱ ሕፃናት ማውራትም እንዲሁ። ውሃ ቀድቶ መስጠት፣ እንጀራ መጋገር፣ ታላላቆቹን ልጆች ጠብቆ ማዋል፣ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ አብሮ መሄድ ግን ታላቅ ርዳታ ነው። «ሾተላይ» የሚለውንም ቃል እንደ ስድብ አንጠቀምበት። ሕመሙ ከሁለት ሰዎች ደም አለመመሳሰል የመጣ እንጂ የማንም ኃጢአት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በኀፍረት የተሸሸገ ሕመም ሐኪም አያገኘውም።

አስቀድሞ መከላከል

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ መከራ በአንድ መርፌ ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ፀረ አካል ያልፈጠረች ኔጌቲቭ እናት በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ እንዲሁም ፖዘቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ መርፌ ከተወጋች የሚቀጥለው ልጅ ይጠበቃል። ጽንስ ሲወርድ፣ በእርግዝና ጊዜ ደም ሲፈስ፣ ወይም ሆድ በኃይል ሲመታ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ፈጥኖ ሐኪምን ማማከር ይጠቅማል። ፀረ አካል አስቀድሞ ለተፈጠረባት እናት ግን መርፌው አይሠራም። ዋጋው ቀላል ስላልሆነና በየስፍራው በማናቸውም ጊዜ ስለማይገኝ፣ ወሩ ሳይገባ አስቀድሞ ማዘጋጀት የቤተ ሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ የሚያገቡ ሁሉ የደም ዓይነታቸውን ይወቁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ትመርመር። ደማቸው ኦ ኔጌቲቭ የሆነ አንባቢዎቻችን ደግሞ ወደ ደም ባንክ ሄደው ይለግሱ፤ ያልተወለደ ልጅ የሚጠብቀው የእነርሱን ደም ሊሆን ይችላልና።

የመምህሩና የባለቤታቸው ልጅ በ37ኛው ሳምንት ተወለደ። ወንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወንድሙ ዓይኑ ብጫ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተኛው ከሰማያዊ የሕክምና ብርሃን በታች ነበር። ስድስት ቀን በዚያ ቆየ። እናቱ በእያንዳንዱ ማለዳ የደሙ ውጤት እስኪመጣ በደጁ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቁጥሩም በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። በሰባተኛው ቀን ሐኪሟ «ይዘውት ይሂዱ» አሏቸው። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ደሙ እንዳያንስ ታየለት።

ስሙን ምን እንዳሉት ጠየቅናቸው። ዘመዶች ካሳ ወይም ምትኩ እንዲባል ፈልገው ነበር። እናቱ ግን እንቢ አሉ። «የሞተው ልጄ ራሱን የቻለ ልጅ ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ነው፤ የማንም ምትክ አይደለም» አሉን። አሮጌውን ወረቀት ግን አልጣሉትም። መምህሩ በየዓመቱ የጤና ትምህርት በሚሰጡበት ዕለት ይዘውት ወደ ክፍል ይገባሉ፤ በሰሌዳው ላይ አራቱን መሥመሮች ይጽፉና የመጨረሻው ኔጌቲቭ ከሦስቱ በምን እንደሚለይ ተማሪዎቻቸውን ይጠይቃሉ።